«ከዚያስ?» ለምትል የእንጀራ ልጅ

ጥያቄ፦ «ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ በሞት ከተለየችው የመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት የ9 ዓመት ልጅ አለችው፤ ልጅቱ እናቷን ያጣችው በ4 ዓመቷ ነው። ዓርብ ማታ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ፊልም የማየት ልማድ አለን። ባለፈው ወር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ሲንደሬላ አይተን ስንጨርስ ልጅቱ የፋንዲሻውን ሳህን ታቅፋ ዞር አለችና፣ ሌላ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚቀናት ልጅ በአማርኛ ‹አንቺም እኮ እንጀራ እናቴ ነሽ› አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ ‹ልዕልቷ ካገባች በኋላስ ምን ሆነች?› እያለች የእነዚህን ተረቶች ክፍል ሁለት ካላየሁ ትላለች። ባለቤቴ ‹ፊልም ነው፣ ተያት› ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ እነዚህን ተረቶች ጭራሽ ከቤትሽ አውጪ ትለኛለች። ክፍል ሁለቶቹስ ለገንዘብ ሲባል የተጎተቱ አይደሉም ወይ? ልከልክላት ወይስ ላሳያት? የማሳያት ከሆነስ የትኛውን? — የሁለት ዓመቷ እናት»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፦ አይከልክሏት፤ ያገኘችውን ሁሉ እንድታይም አይልቀቋት። ለእርስዎ ቤት ከሲንደሬላ ይልቅ የሚበጁት «ተጎተቱ» ያሏቸው ክፍል ሁለቶች ናቸው ብልዎ ምናልባት ይገረሙ ይሆናል። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ፊልም ወዳልነበረበት ዘመን ትንሽ መመለስ ይኖርብኛል።

አስቀድሜ ስለዚያች እንቅልፍ ስለነሳችዎ ዓረፍተ ነገር ልናገር። ልጅቱ ፊልሙን ያየችው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተናገረችው ግን በአማርኛ ነው። እኔ እንደማነበው ይህ ክስ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያየችውን ሰው ቤቷ ካለው ሰው ጋር ለማስተያየት ቃሉን ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ተርጉማ አመጣችው፤ ከዚያም እርስዎ ምን እንደሚሉ ለማየት ዞር አለች። ቃሉ ራሱም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እንግሊዞች ከእናት በፊት የሚያስቀምጡት «ስቴፕ» የሚለው ቅጥያ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወላጅ ማጣትን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ሲሆን፣ ጀርመኖች «ሽቲፍ» የሚሉትም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የእነሱ ቃል የጎደለውን ይቆጥራል፤ የእኛው ግን ማዕዱን ይጠራል። ይህን ስል የእኛ ተረቶች ለእንጀራ እናት ቸር ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ሆነን የሰማናቸውን ሁለታችንም እናስታውሳቸዋለን። ቢሆንም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሊነገር የሚችል፣ ከእውነት ያልራቀ ነገር ቃሉ ውስጥ አለና ቀኑ ሲመጣ ይጠቀሙበት።

አሁን ወደ ተረቶቹ። ያች ክፉ እንጀራ እናት ከጥንት ጀምሮ እንዳለች ተደርጋ ትታሰባለች፤ ነገር ግን በከፊል የአርታኢ እጅ የፈጠራት ናት። የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም የተረት መድብላቸውን የመጀመሪያ ቅጽ በ1812 ሲያሳትሙ፣ በስኖው ኋይት ተረት ውስጥ ልጅቱ እንድትገደል ያዘዘችው ንግሥት የገዛ ወላጅ እናቷ ነበረች። ያችው እንደ በረዶ የነጣች ልጅ በኖረችኝ ብላ የተመኘችው እናት ናት፣ ኋላ በልጇ ውበት ቅናት የተቃጠለችው። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ወላጅ እናት በወሊድ እንድትሞት ተደረገና በቦታዋ እንጀራ እናት ገባች። የሃንሰልና የግሬተልም እናት እንዲሁ ናት፤ በረሃብ ዘመን ልጆቿን ጫካ ወስደን እንጣላቸው ብላ ባሏን የወተወተችው በመጀመሪያው እትም ወላጅ እናት ሆና ሳለ፣ በ1840 እትም እንጀራ እናት ሆና ትገኛለች። መጽሐፉ በየቤቱ ለልጆች የሚነበብ እየሆነ ሲሄድ የወላጅ እናትን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የተደረገ ለውጥ እንደሆነ ብዙ የተረት ተመራማሪዎች ይስማማሉ። እንግዲህ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የነሳችዎት ሴት በሌላ ሰው ዕዳ የተያዘች ናት። ይህን ለልጅቱ አይንገሯት፤ እናቷን ላጣች ልጅ የሚነገር አይደለም። ለእርስዎ ግን የሚያሳርፍ ይመስለኛል።

«ከዚያስ?» የሚለው የልጅቱ ጥያቄም የዛሬ አይደለም። እኛ ዘንድ አያቶቻችን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው በሩን ይዘጉታል፤ አውሮፓውያኑ ደግሞ በሠርግ ይዘጉታል። ልጅ ግን ሁለቱንም በር ያንኳኳል። በ1697 ፓሪስ ላይ የተረት መጽሐፉን ያሳተመው ሻርል ፔሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። መቶ ዓመት ስለተኛችው ልዕልት የጻፈው ተረት ልዕልቷ ስትነቃ አያበቃም። ልዑሉ ጋብቻውን ለሁለት ዓመት ከወላጆቹ ይደብቃል፤ እናቱ ሰው ከሚበላ ጭራቅ ዘር የተወለደች ናትና ይፈራታል። አባቱ ሞቶ እሱ ሲነግሥ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወደ ቤተ መንግሥት ያመጣል፤ ከዚያም ቤቱን ለእናቱ አደራ ብሎ ወደ ጦርነት ይሄዳል። አማቲቱም የወጥ ቤቱን ሹም ጠርታ የልጅ ልጇን ለእራት እንዲያዘጋጅላት ታዘዋለች። ሹሙ ቢላውን ይዞ ገባ፤ የአራት ዓመቷ ሕፃን እየሳቀች ዘልላ አንገቱ ላይ ስትጠመጠምና ከረሜላ ስትጠይቀው ቢላው ከእጁ ወደቀ። የበግ ግልገል አርዶ በጥሩ መረቅ ሠርቶ አቀረበላት። ለታናሹ ልጅ የፍየል ግልገል፣ ለእናታቸው ደግሞ አጋዘን ተተካ። በመጨረሻ አማቲቱ ለሌሎቹ ባዘጋጀችው እባብና ጉርጥ በሞላው በርሜል ራሷ ዘልላ ገባች። ፔሮ እዚህ ላይ ንጉሡ ማዘኑ አልቀረም፣ እናቱ ነበረችና ይላል። እኔ በዚህ ተረት ውስጥ ከዚህ ሐረግ የበለጠ የምወደው የለም።

ግሪሞች ይህን ሁለተኛ አጋማሽ ቆርጠው የእነሱን «የተኛች ልዕልት» በሠርጉ ዘጉት፤ ዓለምም የለመደው የእነሱን አጨራረስ ነው። በነገራችን ላይ ኦሮራ የሚለው ስም ፔሮ ዘንድ የልዕልቷ ሳይሆን ለእራት የታዘዘችው የትንሿ ልጇ ስም ነበር።

ይህን ያህል የዘገየሁበት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሠርጉ በኋላ ያለው ታሪክ አማት፣ ምራት፣ እንጀራ እናትና እንጀራ ልጅ የሚኖሩበት ነው። ክፍል ሁለት የሚሠራ ሰው፣ ለገንዘብም ብሎ ይሥራው፣ ወደዚያ ቤት መግባት ግድ ይሆንበታል። ጥሩ ማሳያው በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራው የዲዝኒ «ማሌፊሰንት» ነው። በ2014 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም የተኛችውን ልዕልት ታሪክ በረገመቻት በኩል ይተርካል፤ አንጀሊና ጆሊ የምትጫወታት ማሌፊሰንት የረገመቻትን ሕፃን ከሩቅ ስትጠብቅ ውላ አድራ ትወዳታለች፤ የልዑሉ መሳም ያልቀሰቀሳትን ኦሮራን የቀሰቀሰው ይህች ያልወለደቻት ሴት ግንባሯን ስትስማት ነው። ለእርስዎ ቤት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በ2019 የወጣው ክፍል ሁለት ደግሞ በቀጥታ ወደ ፔሮ የተረሳ አጋማሽ ይመለሳል፤ ሠሪዎቹ አስበውበት ይሁን በአጋጣሚ፣ የክፋቱ ምንጭ የልዑሉ እናት ንግሥት ኢንግሪት ናት፤ ተዋናይቷም ሚሼል ፋይፈር ናት። ኦሮራ ታጭታለችና አሳዳጊዋ ወደ ልዑሉ ወላጆች ለእራት ትጠራለች። ከመሄዳቸው በፊት ኦሮራ እያፈረች አንድ ነገር ትለምናታለች፤ ሰዎቹ እንዳይደነግጡ እነዚያን ትልልቅ ቀንዶች በሻሽ እንድትሸፍንላት። ማሌፊሰንትም ትሸፍናለች። እዚያ ገበታ ላይ ኢንግሪት ፈገግ ብላ ከእንግዲህ የኦሮራ እናት እኔ ነኝ የሚል ቃል ስትጥል፣ ያችን ባለ ሻሽ ሴት ፊቷን ይመልከቷት። ልጁን ያሳደገ ሰው «አንቺ እኮ እናቷ አይደለሽም» ሲባል ምን እንደሚሰማው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አለ፤ ልጅቱም ዘግይታም ቢሆን የሻሹ ነገር ስህተት እንደነበረ ትረዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ ፊልም ጦርነትና ክንፍ ነው፤ ለእኔ ይሰለቻል።

ስለዚህኛው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወላጅ አይቶ ይፍቀድ የሚለውን «ፒጂ» ደረጃ ቢያገኝም፣ ለሠርግ የተጠሩትን ተረታዊ ፍጡራን ጸሎት ቤት ውስጥ ቆልፈው፣ ኦርጋን እየተመታ ከቧንቧው በሚወጣ ቀይ ብናኝ የሚፈጇቸው ረዘም ያለ ትዕይንት አለው። ቆንጆ ቀለም ስላለው ትልቅ ሰው ላይከብደው ይችላል፤ ሞትን በአራት ዓመቷ ያወቀች ልጅ ግን በር ተዘግቶባቸው የሚያልቁትን እያየች የምታስበውን እኛ አናውቅም። እርስዎ አስቀድመው ብቻዎን ይዩት፤ ወይም አንድ ሁለት ዓመት ይቆይ።

አሁን በእውነት የሚመለከትዎት ፊልም ላይ ደረስኩ። በ2007 «ኢንቻንትድ» የሚል ፊልም ወጥቶ ነበር፤ ከካርቱን ዓለም የተባረረች ጂዘል የምትባል የልዑል እጮኛ ኒው ዮርክ ላይ ሥጋ ለብሳ ትገኛለች፤ የምታስጠጋትም ፍቺ የሚያስፈጽም ጠበቃና የስድስት ዓመት ልጁ ሞርጋን ናቸው። አንድን ተረት ብቻ የያዘ ሳይሆን የስኖው ኋይትን፣ የሲንደሬላንና የተኛችዋን ልዕልት ልማድ ሁሉ አንድ ላይ እያጠፈ የሚስቅ ሥራ ነው። እዚያ ውስጥ ሞርጋን አባቷ ሊያገባ ስለሆነ እንጀራ እናት ሊመጣባት እንደሆነ ስታነሳ፣ ጂዘል ደግ ደግ እንጀራ እናቶችን እንደምታውቅ ትነግራታለች፤ የእጮኛዋንም እንጀራ እናት አግኝታት ባታውቅ እንኳ መልካም ሴት እንደሆነች እንደሰማች ትጨምራለች። ጉድጓድ ውስጥ ገፍትራ የጣለቻት ያችው እንጀራ እናት መሆኗን ተመልካች ያውቃል፤ እሷ ግን አታውቅም። በፊልሙ መጨረሻ ጂዘል ራሷ የሞርጋን እንጀራ እናት ትሆናለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ያበቃል።

«ከዚያስ?» ለሚለው መልስ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2022 ዲዝኒ ፕላስ ላይ በወጣው «ዲስኢንቻንትድ» ነው። ኤሚ አዳምስ አሁንም ጂዘል ናት። ሕፃን ልጅ ወልዳለች፤ ቤተሰቡ ከኒው ዮርክ ወጣ ወዳለች ከተማ ተዛውሯል፤ ያች የስድስት ዓመት ልጅ አሁን የምትነጫነጭ ጎረምሳ ናት። ጂዘል ሁሉንም ነገር በዘፈን ለማስተካከል ስትጣጣር ሞርጋን አንድ ቀን ትበሳጭና «እንጀራ እናት» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ ትወረውርባታለች። ጂዘልም በተከፋችበት ሰዓት በምኞት ዘንግ ሕይወቷ እንደ ተረት እንዲሆን ትመኛለች። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተረት ውስጥ እንጀራ እናት የሚጠብቃት ቦታ አንድ ብቻ ነውና፣ ምኞቱ ሲሞላ ጂዘል ራሷ ቀስ በቀስ ክፉዋ እንጀራ እናት መሆን ትጀምራለች። ደጓና ክፉዋ በአንድ አፍ እየተፈራረቁ የሚናገሩባቸውን ትዕይንቶች ተዋናይቷ በድምፅና በትከሻ ብቻ ትለያቸዋለች፤ አንዷ ዓረፍተ ነገር ጀምራ ሌላዋ ትጨርሰዋለች። ሳይመሽባት ደጓ ጂዘል ሞርጋንን ወደ ካርቱኑ ዓለም ታሸሻታለች፤ ልጅቱም ይዛ የምትመለሰው መድኃኒት ትዝታ ነው፤ አብረው ያሳለፏቸው ቀናት የተሳሉባቸው ሥዕሎች። የምኞት ዘንጉን ሊጠቀምበት የሚችለው የዚያ ዓለም እውነተኛ ልጅ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በመጨረሻ ዘንጉ ለሞርጋን ይታዘዝላታል። ያልተወለደችበት አገር፣ ባልወለደቻት እናት በኩል፣ ልጄ ናት አላት ማለት ነው። ከእናቴ ጋር ቤቴ መሆን ነው የምፈልገው የሚለውን ምኞት ስትመኝ ልጅዎ አጠገብዎ ብትኖር ደስ ይለኛል።

ፊልሙ እንደ ፊልም ግን ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ይህን ልሸፍንልዎ አልችልም። ዘፈኖቹ ብዙ ናቸው፣ የሚታወሱት ጥቂት። የከተማዋ ክፉ ሴት ታሪክ ደግሞ መሐል ገብቶ እናትና ልጅን ያደናቅፋል። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ የምትመለከተው የእኔንና የእርስዎን ጉድለት አይደለም።

ለገንዘብ ነው ወይ ላሉት፣ አዎ፣ በአብዛኛው ለገንዘብ ነው። የመጀመሪያው «ማሌፊሰንት» በዓለም ሲኒማ ቤቶች 758 ሚሊዮን ዶላር ያህል ባያስገባ ኖሮ ሁለተኛው አይታሰብም ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ 491 ሚሊዮን ወርዷል። ከተረት ይልቅ ልብ ወለድ ብትሆንም በ2010 የወጣችው «አሊስ ኢን ወንደርላንድ» ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታ፣ በ2016 የመጣው ተከታይዋ 300 ሚሊዮን እንኳ መሙላት አቅቶታል። ተመልካች ለምን እንደቀረ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ተከታዮች «ከዚያስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳቸው ጦርነት ነው። በ2016 የወጣው የስኖው ኋይት አዳኝ ክፍል ሁለትም እንዲሁ ነው፤ እሱን ጭራሽ ይተዉት፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጥንቃቄ የሚል ደረጃ ያለው ነውና ለዓርብ ማታችሁ አይሆንም።

ስለ አተያዩ አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ፊልሙን ጠበቃ አያድርጉት። «አየሽ? ይቺም እንጀራ እናት ናት፣ ግን ደግ ናት» ያሉ እንደሆነ ልጅቱ ፊልሙን ማየት ትታ እርስዎን ማየት ትጀምራለች፤ ዓርቧም ችሎት ትሆናለች። ፋንዲሻውን ይያዙ፣ ዝም ይበሉ፤ ብትጠይቅ ይመልሱ። «አንቺም እንደዚህ ትሆኛለሽ?» ካለች «እኔም አንዳንዴ እቆጣለሁ፣ አይደል? ያኔ ትነግሪኛለሽ» ማለት «እኔማ በፍጹም!» ከማለት ይሻላል፤ ጂዘልን ያጠፋትም ፍጹም ልሁን ማለቷ ነበር። ባለቤትዎም «ፊልም ነው፣ ተያት» ብሎ ስልኩን ከሚነካካ መሐላችሁ ይቀመጥ። በእነዚህ ተረቶች ሁሉ የአባት ጥፋት አለመኖሩ ነው፤ ወይ ሞቷል፣ ወይ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ እያየ ዝም ብሏል። ይህን ለእሱ እኔ እንዳልኩ አድርገው ቢያነቡለት ቅር አይለኝም።

ፊልሞቹ የማይሰጧት አንድ ነገር አለ፤ የሞተችውን እናት። በ«ኢንቻንትድ» የሞርጋን እናት ጥላ የሄደች እንጂ የሞተች አይደለችም፤ ክፍል ሁለትም አይፈልጋትም። የእርስዎ ልጅ ግን ትፈልጋታለች። እዚህ ላይ ፊልሙን ትተው ወደ ግሪሞች ሲንደሬላ ይመለሱ፤ እሱን ማታ መኝታ ላይ በቃልዎ ይተርኩላት። እዚያ ውስጥ ዱባን ሠረገላ የምታደርግ ጠንቋይ የለችም። ልጅቱ አባቷን ከመንገድ ሲመለስ እንዲያመጣላት የምትጠይቀው ባርኔጣውን የነካውን የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ነው፤ ያንን የሐዘል ቅርንጫፍ በእናቷ መቃብር ላይ ትተክለዋለች፣ በእንባዋ ታጠጣዋለች፣ ዛፍ ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደች ከሥሩ ትቀመጣለች፤ የወርቅና የብር ልብሱን የሚጥልላትም ዛፉ ላይ የምታርፍ ነጭ ወፍ ናት። በአጨራረሱ ላይ ርግቦቹ የእንጀራ እህቶቿን ዓይን ያወጣሉና እሱን ይዝለሉት፤ አያቶቻችንም የሚዘለውን ያውቁ ነበር። ያችን የመቃብር ዛፍ እንጀራ እናቷ ራሷ ስትተርክላት ልጅቱ የምትሰማው ከየትኛውም ፊልም የተለየ ይሆናል። የእናቷ ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ ከሌለም፣ አስቀማጩ እርስዎ ይሁኑ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል፦ በመጪው ዓርብ የ2014ቱ «ማሌፊሰንት»፤ በሚቀጥለው «ኢንቻንትድ»፤ ከዚያ አንድ ዓርብ ሌላ ነገር፣ እንስሳ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ በአራተኛው «ዲስኢንቻንትድ»። ረዘም ስለሚል በመሐል እንቅልፍ ከወሰዳት አይቀስቅሷት፤ የቀረውን ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ትጨርሰዋለች።